ስልኩ ወሰን ሲሻገር፤ የነርሷ ፈቃድ ከሐረር እስከ ባቢሌ

የሐረሪ ክልል ትንሽ ነው፤ ዙሪያውንም ኦሮሚያ ከቦታል። ከሐረር ወደ ምሥራቅ የተነሣ መኪና 30 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሄደ ባቢሌ ይደርሳል፤ ባቢሌ ኦሮሚያ ናት። መንገዱ ሲቀጥል ወደ ሶማሌ ክልል ይገባል፣ ጅግጅጋም ይደርሳል። በሌላው አቅጣጫ ድሬዳዋ አለች። በሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ሥር በሚገኘው ሕይወት ፋና ሆስፒታል የሚታከሙት ሰዎች ከነዚህ ሁሉ ይመጣሉ። ለሐረር ነርስ የሌላ ክልል ሰው ማስታመም አዲስ አይደለም። አዲሱ ነገር ታማሚዋ ቤቷ እያለች ነርሷ በስልክ መርዳቷ ነው።

እንዲህ ያለ ጥሪ ምን እንደሚመስል እንይ። አንዲት እናት ሐረር ወልዳ ባቢሌ አጠገብ ወዳለው ቀበሌዋ ተመለሰች እንበል። በአምስተኛው ቀን ሕፃኑ ማቃሰት ጀመረ። ስልኩን ያነሣችው ነርስ መጀመሪያ የምትጠይቀው ጡት መጥባቱን ነው። ቀጥላ ትንፋሹን ታስቆጥራለች፦ «ልብሱን ገለጥ አድርጊ፤ ሆዱን እያየሽ ቁጠሪ፤ ደቂቃውን እኔ እይዛለሁ።» ከሁለት ወር በታች ያለ ሕፃን በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ትንፋሹ ፈጥኗል ማለት ነው። ጥሪው በቪዲዮ ከሆነ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ መሰርጎዱን ራሷ ታያለች። ከዚያ ወደ እናቲቱ ትዞራለች፦ ደም ይፈስሻል? ትኩሳት፣ ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ አለሽ? አንዱ ምልክት ከተገኘ ሕክምናው በስልክ ማለቁ ይቀራል፤ እናቲቱ ወዲያውኑ ቅርቧ ወዳለው ጤና ጣቢያ መሄድ አለባት፣ ጤና ጣቢያውም አስቀድሞ መስማት አለበት። ነርሷ ወሰኑ ማዶ ያለውን ጤና ጣቢያና አምቡላንሱን የሚያዝዘውን ሰው ካላወቀች ግን ጥሩ ምክሯ መንገድ ላይ ይቀራል።

በአገራችን ነርስነት ያለ ፈቃድ የማይሠራ ሙያ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 51 ለጤና ብሔራዊ ደረጃ የማውጣቱን ሥልጣን ለፌዴራል መንግሥት ሰጥቷል። ጤና ሚኒስቴርም ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለጤና ሙያ ተመራቂዎች አገር አቀፍ የፈቃድ ፈተና ይሰጣል። በክልል የሚሠራውን ባለሙያ የሚመዘግበው፣ ፈቃዱን የሚያድሰውና ተቋሙን የሚቆጣጠረው ግን የክልሉ ጤና ተቆጣጣሪ ነው። ተቆጣጣሪ ሲመጣ የሚያየው ክፍሉን፣ አልጋውን፣ መድኃኒት መደርደሪያውንና ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ፈቃድ ነው። በስልክ የሚሰጥ እንክብካቤ ግን ግድግዳ የለውም።

የስልክ ምክር ራሱ እንግዳ አይደለም። በኤች አይ ቪ ጉዳይ ምክር ይሰጥበት የነበረውን 952ን፣ በኮቪድ ጊዜም 8335ን ብዙ ሰው ያስታውሳል። አጠቃላይ ምክር መስጠትና የአንዲትን እናት ጉዳይ ይዞ መወሰን ግን የተለያዩ ናቸው። ሁለተኛው ተጠያቂነትን ያስከትላል፤ ነርሷ ሐረር፣ ታካሚዋ ኦሮሚያ ከሆኑ ተጠያቂነቱ ለየትኛው ክልል ነው?

ሌሎች አገሮች ችግሩን ከኛ ቀድመው አግኝተውታል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ የነርስ ፈቃድ ስምምነት አለ፤ አባል በሆነ ግዛት የምትኖር ነርስ በአንድ ፈቃድ በሌሎቹ አባል ግዛቶችም ትሠራለች። ሕክምናው ተሰጠ የሚባለው ግን ታካሚው ባለበት ቦታ ነው፤ ነርሷ የምትገዛውም በዚያ ቦታ ሕግ ነው። አውስትራሊያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 የየክልሉን ምዝገባ ትታ አንድ አገር አቀፍ መዝገብ አቋቋመች።

ለኛ የሚቀርበን የአውስትራሊያው ይመስለኛል፤ ፈተናው አንድ ከሆነ መዝገቡ አንድ የማይሆንበት ምክንያት አይታየኝም። የባቢሌ ጤና ጣቢያ ኃላፊ የደወለችለት ነርስ በእርግጥ ነርስ መሆኗን በደቂቃ ውስጥ ማረጋገጥ መቻል አለበት። የአቤቱታው ጉዳይ ደግሞ ይበልጥ ያሳስበኛል። የተጎዳች እናት የመኪና ከፍላ ሐረር ድረስ ሄዳ መክሰስ አይጠበቅባትም። ለወረዳዋ ጤና ጽሕፈት ቤት ታመልክት፤ እሱ መርምሮ ያስተላልፍ፤ ፈቃዱን የሰጠው አካል ይቅጣ።

ምስጢርም አለ። የጤና ባለሙያ የታካሚን ምስጢር እንዲጠብቅ ደንብ ቁጥር 299/2006 ያስገድዳል፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚያሻቸው ይመድባል። በቴሌግራም የተላከ የቁስል ፎቶ ግን የነርሷ ልጆች በሚጫወቱበት ስልክ ላይ ያድራል። ስለዚህ የተቋም ስልክ ያስፈልጋል፤ ጥሪውም እንደማንኛውም ካርድ ይመዝገብ፦ ማን ደወለ፣ ከየት፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ተባለ።

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. የጤና አገልግሎት አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅን አጽድቋል፤ እነዚህን ዝርዝሮች መመሪያ ሊመልሳቸው ይገባል። መመሪያው ሲጻፍ ከሐረር የሚወሰድ አንድ ነገር አለ፦ እዚህ በሥራ ላይ ሐረሪ፣ አፋን ኦሮሞ፣ አማርኛና ሶማሊኛ ይነገራሉ። በመዝገቡ ላይ ከነርሷ ስምና ከፈቃድ ቁጥሯ ጎን የምትናገረው ቋንቋ ይጻፍ፤ የሕፃኑን ትንፋሽ ቁጠሪ የምትባለው እናት የተባለችውን መስማትና መረዳት አለባትና።