«አልነሳልኝ አለች» ውስጥ ያሉት ሁለት «እኔ»ዎች

«ባጃጇ አልነሳልኝ አለች።» በሂርና ከተማ በገበያ ቀን ተሳፋሪ ለመጫን የቸኮለ ሹፌር በአማርኛ እንዲህ ቢል የማይገባው ሰው የለም። ግሱን ፈታ አድርገን ስናየው ግን አስደናቂ ነገር አለበት። «አልነሳ» ባይዋ «እኔ» ባጃጇ ናት፤ «ልኝ» ውስጥ ያለው «እኔ» ደግሞ ሹፌሩ። የባጃጇ ቃል በቀጥታ የተጠቀሰ ቢሆን ኖሮ «አልነሳልህም» ይባል ነበር። አንድ ግስ ሁለት አንደኛ መደብ ይዞ ሁለት የተለያዩ ባለቤቶችን ያመለክታል፤ አድማጩም ሳይደናገር እያንዳንዱን ለባለቤቱ ይሰጣል።

አእምሮ ይህን እንዴት እንደሚሠራ የሚመረምረው የጥናት መስክ ለአማርኛ ባለውለታ ነው። አሜሪካዊው ፈላስፋ ዴቪድ ካፕላን እ.ኤ.አ. በ1989 በታተመ ጽሑፉ «እኔ» ሁልጊዜ የሚያመለክተው ተናጋሪውን ነው፤ ይህን የሚያዛውር ነገር በቋንቋ ውስጥ ቢገኝ ጭራቅ ነው ብሎ ነበር። የቋንቋ ሊቁ ፊሊፕ ሽሌንከር በ2003 ሲሞግተው ዋና ምስክር አድርጎ የጠራው አማርኛን ነው፦ «ዮሐንስ ጀግና ነኝ ይላል» ሲባል ጀግናው ዮሐንስ እንጂ ወሬውን የሚያወራው ሰው አይደለም። ይህ ቀጥተኛ ጥቅስ ነው ብሎ ለሚከራከር ሰው የባጃጇ ዓይነት አነጋገር መልስ ይሆናል። ቮልፍ ሌስላው በ1995 ባወጣው የአማርኛ ሰዋስው መጽሐፍ ይህን መሰል አነጋገር አስቀድሞ መዝግቦታል። ከሽሌንከር ጽሑፍ አንድ ዓመት ቆይቶ፣ በ2004፣ በቱርክ የሚነገረው ዛዛኪም ተመሳሳይ ጠባይ እንዳለው ታየ።

ሌላው የመስኩ መሠረት የኖአም ቾምስኪ የ1981 መርሆች ናቸው። «ሀዋ ራሷን ታደንቃለች» ካልን ተደናቂዋ ሀዋ ናት፤ «ሀዋ ታደንቃታለች» ካልን ግን ሌላ ሴት መኖር አለባት። መርሆቹ ሲጻፉ ከፊት የነበረው በዋናነት እንግሊዝኛ ስለሆነ፣ ለየብቻ በቆሙ ቃላት ላይ ያተኩራሉ። እኛ ዘንድ ብዙው ሥራ የሚሠራው ግሱ ውስጥ ነው። «ሀዋ አጠበቻት» እና «ሀዋ ታጠበች» በሚሉት መካከል ያለው ልዩነት የ«ተ» ነው፤ «ራሷን ታጠበች» ከተባለማ ስለ ፀጉሯ ነው የሚወራው። የሂርና ሰው አፍ በፈታበት በአፋን ኦሮሞም «ቢቴ» ገዛ ሲሆን «ቢታቴ» ለራሱ ገዛ ነው።

ሕፃናት ላይ የተደረገው ጥናት ለብቻው በቆመ ቃልና ከግሱ ጋር በተጣበቀ ምልክት መካከል ያለውን ልዩነት ያጎላዋል። ቺየን እና ዌክስለር በ1990 እንዳሳዩት፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ልጆች አምስት ስድስት ዓመት ሲሞላቸው «ራሷን» የሚለውን በትክክል ይረዳሉ፤ «እሷን» የሚለውን ግን ብዙ ጊዜ ለዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ለራሷ ይሰጡታል። ተውላጠ ስሙ ከግሱ ጋር በሚጣበቅበት በጣልያንኛ ሴሲል ማኪ በ1992 ስትመረምር ስሕተቱ እምብዛም አልተገኘም። በአማርኛው «አጠበቻት» መጨረሻ ያለው «ት» ከጣልያንኛው ጋር ይቀራረባልና፣ የኛም ልጆች ከዚህ ስሕተት ይድናሉ ብዬ እገምታለሁ። አዋቂዎችን በተመለከተ ፓትሪክ ስተርት በ2003 የአንባቢዎችን የዓይን እንቅስቃሴ ተከታትሎ፣ «ራሱን» ላይ ሲደርሱ መጀመሪያ የሚያስቡት ሰዋስው የሚፈቅደውን ሰው እንደሆነ፣ ሌላው ሰው ተጽዕኖ የሚያደርገው ዘግየት ብሎ እንደሆነ አሳይቷል።

ሰዋስው ብቻውን የማይፈታው ግን ብዙ ነው። አማርኛ እዚህ ላይ አንዳንዴ የሚያግዘው አንቱታ አለው። «ከድር አጎቱን ይቅርታ ጠየቃቸው፤ አስቀይሟቸው ነበር» ከተባለ በደሉ የማን እንደሆነ ግሱ ይናገራል። ጥፋቱ የአጎቱ ቢሆን «አስቀይመውት ነበር» ይባል ነበር። ይሁን እንጂ በድሬዳዋና በሐረር አካባቢ አማርኛ ትልቅ ሰውንም «አንተ» ማለት የተለመደ ነው፤ ንቀት ሳይሆን መቀራረብ ነው። እዚያ «ከድር አጎቱን ይቅርታ ጠየቀው፤ አስቀይሞት ነበር» ሲባል የአንቱታው ምልክት የለም፤ ሁለቱም ወንዶች ናቸው፤ ሆኖም አድማጩ ያስቀየመው ከድር ነው ይላል። «ከድር አጎቱን ወቀሰው፤ አስቀይሞት ነበር» ቢባል ግን በደሉ ወደ አጎቱ ይዞራል። ጋርቪ እና ካራማዛ በ1974 ይህን ጉዳይ አጥንተው፣ ግስ ራሱ የድርጊቱን ምክንያት ወደ አንደኛው ወገን እንደሚያዘነብል፣ አእምሮም «እሱ» ማን እንደሆነ የሚወስነው በዚያ እየተመራ እንደሆነ አሳይተዋል።