መገንጠያ

እኛ የዋግ ገበሬዎች ብዙውን ጊዜ በእግራችን እንጓዛለን። ተራራውንና ወንዙን እያየን አቅጣጫችንን እናውቃለን። የመኪና መንገድ ግን ሌላ ነው። መኪናው ይሮጣል፤ መገንጠያውም ሳናየው ያልፋል። መገንጠያ ማለት አንዱ መንገድ ከሌላው የሚለይበት ቦታ ነው።

መገንጠያ ትልቅ ነገር ነው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ከዋግ ብዙ የተራቡ ወገኖቻችን በእግራቸው ወደ ኮረም ሄዱ። ለምን ኮረም? ከአዲስ አበባ በደሴ ወደ መቀሌ የሚወስደው ትልቁ መንገድ በዚያ ስለሚያልፍ፣ የእርዳታ እህል ይገኝ የነበረው እዚያ ነው።

ከሰቆጣ ወደ ወልዲያ ለመሄድ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በምሥራቅ በኩል ኮረም ያደርሳል። ኮረም ላይ ወደ ቀኝ የታጠፈ ሰው ቁልቁለቱን ወርዶ፣ በአላማጣና በቆቦ አድርጎ ወልዲያ ይገባል። ወደ ግራ የታጠፈ ግን ወደ ማይጨውና ወደ መቀሌ ይሄዳል።

ሁለተኛው በደቡብ በኩል ብልባላንና ላሊበላን አልፎ ጋሸና ይደርሳል። ጋሸና ላይ ግራው ወልዲያ ነው። ቀኙ በደብረ ታቦር በኩል ወረታ ያደርሳል። ወረታም መገንጠያ ነው፤ ግራው ባሕር ዳር፣ ቀኙ ጎንደር ነው።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። ሲሄድ ጋሸና ላይ ወደ ግራ የታጠፈ ሰው፣ ከወልዲያ ሲመለስ የሚታጠፈው ወደ ቀኝ ነው። ሳይታጠፍ ቀጥ ብሎ ከሄደ ቤቱን ትቶ ደብረ ታቦር ይገባል። ቀኝና ግራ ይለዋወጣሉ፤ የከተማ ስም ግን አይለወጥም። ስለዚህ እጃችንን ሳይሆን ስሙን እንያዝ።

ስሙንም ማንበብ እንችላለን። በመንገድ ዳር ባለው ሰሌዳ ላይ የከተማው ስም፣ ቀስትና ቁጥር ይጻፋል። ቀስቱ አቅጣጫውን፣ ቁጥሩ የቀረውን ኪሎ ሜትር ያሳያል። «ላሊበላ 60» ቢል፣ ላሊበላ ለመድረስ 60 ኪሎ ሜትር ይቀራል ማለት ነው። ይህም በእግር የሁለት ቀን መንገድ ያህል ነው። ሰሌዳ ከሌለ ረዳቱን «መገንጠያው ጋ ስንደርስ ንገረኝ» እንበለው።

መንገድ ሁልጊዜ ክፍት አይደለም። በክረምት ጎርፍ ይሰብረዋል። በ2013 ዓ.ም. የተነሳው ጦርነትም በአካባቢያችን መንገድ ዘግቶ ነበር። ስለዚህ ከመነሳታችን በፊት መናኸሪያ ሄደን እንጠይቅ። አንዱ ሲዘጋ ሌላውን የሚያውቅ ሰው በሽተኛውን ሐኪም ቤት፣ እህሉንም ገበያ ያደርሳል።