ስለ ተማሪዎች ሙዚቃ መሪ

ሰው ብቻውን ሲያዜም ወይም ብቻውን ክራር ሲመታ የራሱ ጌታ ነው፤ ቢፈጥንም ቢዘገይም የሚከለክለው የለም። ብዙ ሰዎች ግን ባንድነት አንድ ዜማ ሊያሰሙ ቢወዱ፥ አንዱ ሲፈጥን ሌላው ሲዘገይ ዜማው ጩኸት ይሆናል። ስለዚህ ሁሉ ዐይኑን የሚጥልበት አንድ መሪ ያስፈልጋል። በቤተ ክርስቲያን ይህን ሥራ የሚሠራው መሪጌታው ነው። ካህናቱ በቀኝና በግራ ቆመው ሲያሸበሽቡ መቋሚያውና ጸናጽሉ ከከበሮው ጋራ የሚስማማው መሪ ስላለ ነው።

በአሜሪካ አገር በብዙ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እንዲህ ያለ ሥራ የተሰጠው መምህር አለ። የሚመራቸው ግን ካህናት አይደሉም፤ ከ14 እስከ 18 ዓመት የሚሆናቸው ወንዶችና ሴቶች ልጆች ናቸው። እነርሱም መለከት፥ ዋሽንት፥ ክላሪኔት፥ ሳክስፎን፥ ትሮምቦን፥ ቱባና ልዩ ልዩ ከበሮ ይዘው ባንድነት ይጫወታሉ። ማኅበራቸውም ባንድ ይባላል። የዚህ መምህር ሥራ ለተመልካች ቀላል ይመስላል፤ በትር ይዞ እጁን ከማወዛወዝ በቀር ሌላ የሚያደርገው ያለ አይመስልምና። ነገር ግን ሥራው የትዕግሥትና የቅን ፍርድ ሥራ ነው።

የተማሪዎች ባንድ በአሜሪካ አገር የበዛው ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ጦርነቱ በ1918 ዓመተ ምሕረት እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ባለቀ ጊዜ፥ በጦር ሠራዊት ውስጥ ሙዚቃ ሲነፉ የነበሩ ብዙ ሰዎች ወደ ቤታቸው ተመለሱ፤ ከነርሱም አያሌዎቹ በትምህርት ቤት ማስተማር ጀመሩ። በ1923 ዓመት በቺካጎ ከተማ የትምህርት ቤት ባንዶች ያገር ውድድር መጀመሪያ ተደረገ፤ ወጪውንም የረዱት የሙዚቃ መሣሪያ የሚሠሩ ነጋዴዎች ናቸው። ነጋዴዎቹ ያሰቡት ስለ ገበያቸው ነበር፤ ከዚህ ግን ለብዙ ልጆች ትምህርት ተገኘ።

የመምህሩ ቀን የሚጀምረው ገና በማለዳ ነው። ሌሎች ተማሪዎች ሳይመጡ እርሱ የሙዚቃውን ክፍል ከፍቶ ወንበሮቹን በግማሽ ክብ ይደረድራል። ልጆቹም እየመጡ መሣሪያቸውን ከየሣጥኑ ያወጣሉ። በክረምት ብርድ ከደጅ የገባ መሣሪያ ድምፁ ዝቅ ይላል፤ በውስጡ ያለው አየር ሲቀዘቅዝ ድምፅ በዝግታ ይሄዳልና። ልጁ ጥቂት ጊዜ ሲነፋበት ግን አየሩ በእስትንፋሱ ይሞቃል፥ ድምፁም ከፍ ይላል። ስለዚህ መምህሩ አስቀድሞ ረጃጅም ድምፅ ያስነፋቸዋል፤ ከዚያም ድምፃቸውን በመለኪያ ያስተካክላል። በብዙ አገር የታወቀው የድምፅ መለኪያ በአንድ ሴኮንድ 440 ጊዜ የሚርገበገብ ነው። ሁለት ልጆች ከዚህ በጥቂት ተለያይተው ቢነፉ በመካከላቸው የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ይሰማል። መምህሩ፥ «እርስ በርሳችሁ ተሰማሙ» ይላቸዋል እንጂ፥ «እገሌ አጠፋ» ብሎ አይጮኽም። እያንዳንዱ የጓደኛውን ድምፅ እየሰማ የራሱን ሲያቀና መንቀጥቀጡ ይጠፋል። ራሱን ብቻ የሚሰማ ልጅ ግን ከቶ አይቃናም።

ከዚህ በኋላ ዜማው ይጠናል። በመምህሩ ፊት ያለው መጽሐፍ ከልጆቹ መጽሐፍ የተለየ ነው። ልጁ የሚያነበው የራሱን ድርሻ ብቻ ነው፤ የመምህሩ ገጽ ግን የሁሉን ድርሻ አንዱን ከሌላው በታች አድርጎ ይይዛል፤ አንዳንድ ጊዜም ከ20 መስመር በላይ ይሆናል። ደግሞም መሣሪያዎቹ ሁሉ በአንድ ልክ የተሠሩ አይደሉም። ዋሽንትና ክላሪኔት አንዱን ምልክት በጽሕፈት እኩል ቢያነቡት እንኳ የሚወጣው ድምፅ የተለያየ ነው። መምህሩ ይህን ሁሉ በልቡ እየተረጐመ፥ ከ60 ልጆች መካከል የሳተውን አንዱን ለይቶ መስማት አለበት።

እንዲህ ያለ ዕውቀት ያለ ድካም አይገኝም። ዊልያም ሬቬሊ የሚባል ሰው በ1925 ዓመት በኢንዲያና ግዛት ሆባርት በምትባል ትንሽ ከተማ የሙዚቃ መምህር ሆነ። እርሱ የለመደው ቫዮሊን ነበር፤ የሚነፉትን መሣሪያዎች ግን ለማስተማር በሚበቃ መጠን አያውቃቸውም ነበር። ስለዚህ መምህር ሳለ እንደ ገና ተማሪ ሆነ፤ ወደ ቺካጎ እየሄደ ከታወቁ ሙዚቀኞች ዘንድ መሣሪያዎቹን ተማረ። የሆባርት ልጆችም ከትልልቅ ከተማ ትምህርት ቤቶች ጋራ ተወዳድረው ያገር ሽልማት እስኪቀበሉ ድረስ ደረሱ። እርሱም በ1935 ዓመት ወደ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተጠርቶ ሄደ፤ በዚያም እስከ 1971 ዓመት አስተማረ። መማር ያፈረ መምህር ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነም ነበር።

በባንድ ውስጥ የልጆቹ ስፍራ እኩል አይደለም። ክላሪኔት ከሚነፉት አንደኛው ክፍል ዜማውን ከፍ አድርጎ ያሰማል፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ግን በበታቹ ሆነው ያጅባሉ። ሕዝብ የሚያደንቀው አንደኛውን ነው፤ ሦስተኛውን ስንኳን ሕዝብ እናቱም ለይታ አትሰማውም። ስለዚህ ሦስተኛ ሆኖ የሚነፋ ልጅ አንዳንድ ጊዜ ያዝናል፤ «ጌታዬ፥ እኔ ብቀር ማን ያውቃል?» ብሎም ይጠይቃል።

ብልህ መምህር ለዚህ ጥያቄ በቃል አይመልስም፤ በጆሮ እንጂ። በሙዚቃ አንድ ስምምነት ብዙ ጊዜ ከሦስት ድምፆች ይሠራል፤ እነርሱም የታችኛው፥ የመካከለኛውና የላይኛው ናቸው። መምህሩ ሦስቱን ባንድነት ያስነፋና፥ ወዲያው የመካከለኛውን ዝም ያሰኘዋል። የቀሩት ሁለቱ ይሰማሉ፤ ነገር ግን ድምፃቸው እንደ ባዶ ቤት ይሆናል። የደስታ ይሁን የሐዘን አይታወቅም። ደስታውን ከሐዘን የሚለየው ያ የመካከለኛው ድምፅ ነውና፤ በግማሽ ደረጃ ከፍ ቢል ደስታ፥ ዝቅ ቢል ሐዘን ያሰማል። እርሱንም ብዙ ጊዜ የሚይዙት ከበታች ያሉት ልጆች ናቸው። «አሁን ማን እንዳወቀ ሰማህን?» ይለዋል መምህሩ። ልጁም ከዚያ ቀን ጀምሮ ድርሻውን አይንቅም።

ከበሮና ጸናጽል የሚመቱትም ሌላ ፈተና አለባቸው። ጸናጽል የያዘው ልጅ ጓደኞቹ ሲነፉ እርሱ ቆሞ ይቈጥራል፤ አንዳንድ ጊዜ 60 ክፍል ቈጥሮ አንድ ጊዜ ብቻ ይመታል። ከቍጥሩ አንዱን ቢዘልል ግን ስሕተቱን አዳራሹ ሁሉ ይሰማዋል። ዝም ብሎ መጠበቅም ሥራ መሆኑን የሚማረው በዚህ ነው።

ከመምህሩ ሥራ ሁሉ የሚከብደው ስፍራ ማደል ነው። ማን በፊት ይቀመጥ? ብቻውን የሚነፋበትንስ ክፍል ማን ይውሰድ? ልጁ ሁሉ ይመኘዋል። አንዱ አባቱ ባለጠጋ ነው፤ ለባንዱ ገንዘብ ሰጥቷል። ሌላይቱ ልጅ የድኻ ልጅ ናት፤ የምትነፋውም የትምህርት ቤቱን አሮጌ መሣሪያ ነው። መምህሩ ፊት አይቶ ቢያደላ ባለጠጋው ደስ ይለዋል፤ የልጆቹ ልብ ግን ይሰበራል፤ ዜማውም ይበላሻል። ስለዚህ አንዳንድ መምህራን በፈተና ቀን መጋረጃ ይጋርዳሉ። ተማሪው ከመጋረጃው በስተኋላ ሆኖ በተሰጠው ቍጥር ብቻ ይጠራል፥ ሳይናገርም ይነፋል። መምህሩ የሚሰማው ድምፁን ብቻ ነው፤ ልብሱንና ዘመዱን አያይም።

ይህ ሐሳብ አዲስ አይደለም። በአንደኛው መጽሐፈ ዜና መዋዕል በምዕራፍ 25 እንደ ተጻፈ፥ በንጉሥ ዳዊት ዘመን የተማሩት መዘምራን 288 ነበሩ። ተራቸውንም ሲያወጡ ታናሹ ከታላቁ፥ ተማሪውም ከመምህሩ ሳይለይ ዕጣ ተጣጣሉ። መዝሙር በአድልዎ እንደማይሰምር ያን ጊዜም የታወቀ ነበር።

በመከር ወራት ሥራው ወደ ሜዳ ይወጣል። አሜሪካውያን ኳስን በእጅ ይዘው የሚሮጡበት ፉትቦል የሚባል ጨዋታ አላቸው፤ ትምህርት ቤቶችም ብዙ ጊዜ ዓርብ ማታ ይጋጠማሉ። በጨዋታው ዕረፍት ጊዜ ባንዱ እየነፋ በሰልፍ ወደ ሜዳው ይገባል። ሜዳው በየ5 ያርዱ፥ ማለት በየ4 ሜትር ከ57 ሳንቲሜትር፥ በነጭ መስመር ተሰምሯል። ልጆቹ ከመስመር እስከ መስመር በ8 እኩል እርምጃ መድረስን ይማራሉ፤ አንዱም እርምጃ 57 ሳንቲሜትር ያህል ይሆናል። ረጅሙ ልጅ እርምጃውን ያሳጥራል፥ አጭሩም ያስረዝማል፤ ሁለቱ በአንድ ሰልፍ የሚሄዱት እንዲህ ተቻችለው ነው።

በጸደይ ደግሞ የውድድር ቀን ይመጣል። ባንዱ ለብዙ ወራት ያጠናውን በዳኞች ፊት ያሰማል። በብዙ ስፍራ ግን ፈተናው በዚህ አያበቃም፤ ልጆቹ ወደ ሌላ ክፍል ገብተው አይተውት የማያውቁት ጽሕፈት ይሰጣቸዋል። ጥቂት ደቂቃ ብቻ ተመልክተው ወዲያው ይነፉታል። ለሽልማት ብቻ አንዱን ዜማ በቃል ያስጠና መምህር በዚህ ክፍል ያፍራል። ማንበብን ያስተማረ መምህር ግን ልጆቹ ባልታሰበው ጽሕፈት ላይ ሲጸኑ አይቶ ይደሰታል።

ሕዝቡ የማያየው ሥራም ብዙ ነው። የክላሪኔት ምላስ ከሸምበቆ የተፋቀ ቀጭን ነገር ስለ ሆነ ቶሎ ይሰነጠቃል። የመለከት ቧንቧ ይጣበቃል፥ ቍልፉም ዘይት ይፈልጋል። መምህሩ በምሳ ሰዓት ትንሹን ብልሽት ራሱ ያበጃል። መሣሪያ ውድ ነውና ለመግዛት አቅም ለሌለው ልጅ ከትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት ፈልጎ ያውሰዋል። ለጕዞና ለልብስ ገንዘብ ሲያንስ ወላጆች ምግብ እየሸጡ ይረዳሉ፤ እርሱም ሒሳቡን በመዝገብ ይጽፋል። ብዙ ጊዜም ወደ ቤቱ የሚገባው መሽቶ፥ ልጆቹ ሁሉ ከወላጆቻቸው ጋራ መሄዳቸውን አይቶ ነው።

እንዲህ ያለ መምህር ለኢትዮጵያም ጠቅሟል። በ1924 ዓመት አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌምን በጐበኙ ጊዜ በአርመኖች ገዳም 40 ወላጅ የሌላቸው የአርመን ልጆች ሙዚቃ ሲነፉ ሰሟቸው። ልጆቹ በአርመን ሕዝብ ላይ ከደረሰው እልቂት የተረፉ ነበሩ። ራስ ተፈሪም ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው፤ ሕዝቡም «አርባ ልጆች» አላቸው። መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የሚባል አርመናዊ ነበር። በ1930 ዓመት በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል የተሰማውን የኢትዮጵያን መዝሙር ዜማ የደረሰ እርሱ ነው፤ ያም መዝሙር በ1975 ዓመት በሌላ እስኪተካ ድረስ በትምህርት ቤቶች ሲዘመር ኖረ። አባትና እናት ያጡ ልጆች በአንድ መምህር እጅ ተሰብስበው የአንድ አገር የክብር ድምፅ ሆኑ።

እንግዲህ ልጆች ሆይ፥ ከዚህ መምህር ሥራ ሁለት ነገር ተማሩ። መሪ የተባለ ሁሉ ፊት አይቶ አያድላ፤ የማያውቀውንም ለመማር አይፈር። ስፍራው ዝቅ ያለ ሁሉ ደግሞ ድርሻውን አይናቅ፤ እርሱ ዝም ቢል ዜማው ባዶ ይሆናልና። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የተባለው አንዱ ክር ብቻ ወፍራም ስለ ሆነ አይደለም፤ እያንዳንዱ ቀጭን ክር በስፍራው ስለ ጸና ነው እንጂ።