የመንገድ ግንባታ የአካባቢ ክትትልና ኦዲት

የመንገድ ግንባታ የአካባቢ ክትትልና ኦዲት ማለት አንድ መንገድ በሚሠራበት ጊዜና ከተሠራ በኋላ በአፈር፣ በውሃ፣ በአየር፣ በዕፅዋት፣ በእንስሳትና በነዋሪው ኑሮ ላይ የሚያመጣውን ለውጥ የመለካት፣ ከሥራው በፊት የተገቡት ግዴታዎች መፈጸማቸውንም የማጣራት ተግባር ነው። ሁለቱ ቃላት አብረው ስለሚጠሩ አንድ ይመስላሉ እንጂ የተለያዩ ናቸው። ክትትል በየቀኑ፣ በየሳምንቱ ወይም በየወሩ በሥራው ቦታ የሚካሄድ ምልከታና ልኬት ነው። ኦዲት ደግሞ በተወሰነ ጊዜ፣ በሥራው እጁ በሌለበት ባለሙያ የሚደረግ ምርመራ ሲሆን በመዝገብ የተጻፈውን በመሬት ላይ ካለው ጋር ያስተያያል። ክትትል ካልነበረ ኦዲተሩ የሚያስተያየው መዝገብ አያገኝም።

ከሁለቱም በፊት የሚመጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ነው። ግምገማው ሊደርስ የሚችለውን ጉዳት ይተነብያል፤ ጉዳቱን ለመቀነስ ምን እንደሚደረግ፣ ማን እንደሚያደርገውና ወጪው ከየት እንደሚመጣ የሚዘረዝር የአካባቢ አያያዝ ዕቅድም ያስከትላል። ክትትሉም ሆነ ኦዲቱ የሚለካው በዚህ ዕቅድ ነው። ግምገማን በሕግ ግዴታ በማድረግ ቀዳሚ የሆነችው አሜሪካ ስትሆን ሕጉ የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው።

የይፋግ አካባቢ እንደ ምሳሌ

ይፋግ በአማራ ክልል፣ በደቡብ ጎንደር ዞን፣ በሊቦ ከምከም ወረዳ የምትገኝ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በገበያዋ የታወቀች ከተማ ናት። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው አውራ ጎዳና ወረታን አልፎ የርብን ወንዝ ከተሻገረ በኋላ ይፋግን ያገኛታል፤ ከዚያም ወደ አዲስ ዘመን ይቀጥላል። ከመንገዱ በስተምዕራብ እስከ ጣና ሐይቅ የሚደርስ ለጥ ያለ ሜዳ አለ። በስተምሥራቅ መሬቱ ወደ ጉና ተራራ አቅጣጫ ከፍ እያለ ይሄዳል። አገሩ የሩዝ፣ የጤፍና የፎገራ ከብት አገር ነው። የጣና ሐይቅ አካባቢ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልልነት ተመዝግቧል።

መንገድ ሠሪን በዚህ ሜዳ የሚያስቸግረው ዋልካው ነው። ዋልካ ክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በላዩ የተነጠፈ አስፋልትም አብሮት ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ ጥቁሩ አፈር ተቆርጦ ይወጣል፣ በምትኩ ከኮረብታ የተቆፈረ ገረጋንቲ በገልባጭ መኪና ተጭኖ ይመጣል። በአካባቢ ዕቅድ ውስጥ የሚዘረዘሩት ችግሮች አብዛኞቹ ከዚህ አንድ ነገር ይመነጫሉ፦ የገረጋንቲ ጉድጓድ፣ የድንጋይ ካባ፣ የሚደፋው ትርፍ አፈር፣ የገልባጩ አቧራ፣ አፈሩን ለመጠቅጠቅ በቦቴ የሚቀዳው ውሃ።

የገረጋንቲ ጉድጓድና ወባ

በሪፖርት ውስጥ በአንድ መስመር የሚታለፈው፣ በመሬት ላይ ግን ብዙ መዘዝ ያለው የገረጋንቲ ጉድጓድ ነው። በኢትዮጵያ ዋነኛዋ የወባ አስተላላፊ ትንኝ፣ አኖፌለስ አራቢየንሲስ፣ የምትራባው ፀሐይ በሚያገኛቸው፣ ጥልቀት በሌላቸው ጊዜያዊ ኩሬዎች ነው። እንቁላሏ ትንኝ ለመሆን ሙቀቱ ከተመቸ ሁለት ሳምንት እንኳ አይፈጅበትም። የጣና ዳርቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኝ ሲሆን ይህ ከፍታ ወባ እየመጣ የሚሄድበት፣ ሰዉም ጠንካራ የመከላከል አቅም የማያዳብርበት ነው። በ1950 ዓ.ም. መጨረሻና በ1951 ዓ.ም. መጀመሪያ በኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች የተነሣው ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን እንዳሳመመና 150,000 ያህሉን እንደገደለ ይገመታል።

በዕቅዱ መሠረት ሥራ ተቋራጩ መጀመሪያ የላዩን ለም አፈር ገፎ ለብቻው ይከምራል፤ ቁፋሮው ሲያበቃ ጠርዙን ያለዝባል፣ ውሃ እንዳይቋጥር መውረጃ ያበጃል፣ ለሙን አፈር መልሶ ያለብሳል። ተከታታዩ እነዚህን ሁሉ በፎቶግራፍና በቀን መዝግቦ መያዝ አለበት። ኦዲተሩ በየካቲት ወይም በመጋቢት ቢመጣ የሚያየው ደረቅ ጉድጓድ ነው፤ ያንኑ ጉድጓድ መስከረም ላይ ቢያየው ኩሬ ሆኖ ያገኘዋል። የወባ ወቅትም ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ስለሆነ በበጋ ብቻ የሚደረግ ኦዲት ዋናውን ነገር ሳያይ ይመለሳል። ሆኖም መንገዱ ለመኪና የሚመቸው በበጋ በመሆኑ ጉብኝት ብዙውን ጊዜ የሚቀጠረው በበጋ ነው።

ጉዳዩን የሚያወሳስበው አንዳንድ ገበሬዎች ጉድጓዱ እንዳይደፈን መጠየቃቸው ነው። ለከብት ማጠጫ፣ ለአትክልት መስኖ ይፈልጉታል። ጥያቄው ከንቱ አይደለም፤ በትግራይና በአማራ ክልሎች የመንገድ ጎርፍን ወደ ኩሬና ወደ እርሻ የመምራት ሥራ ጥሩ ውጤት አሳይቷል። ግን ጠርዙ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ፣ ጥልቀት ያለው፣ አጥርና ተጠሪ ኮሚቴ ያለው ኩሬ ሌላ ነው፤ ተቋራጩ የመድፈኛ ወጪውን ለማዳን ጥሎት የሄደው ጉድጓድ ሌላ ነው። ኦዲተሩ «ኅብረተሰቡ ጠይቆ የተተወ» የሚል ወረቀት ሲያገኝ የቀበሌውን ቃለ ጉባኤ መመልከት፣ የባለመሬቱንም ፊርማ ማየት ይገባዋል። ፊርማው ከቁፋሮው በፊት ነው የተፈረመው ወይስ ተቋራጩ ሊወጣ ሲል? ብዙ ነገር በዚህ ይለያል።

ወንዝ፣ አሸዋና ዓሣ

የኮንክሪት አሸዋ የሚወጣው ከወንዝ ነው። ወደ ጣና የሚገቡት ርብ፣ ጉማራና መገጭ በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኙ ላቤዮባርበስ የተባሉ ዓሦች በክረምት ወደ ላይ እየወጡ የሚራቡባቸው ወንዞች ናቸው። ከሐይቁ ልዩ የላቤዮባርበስ ዝርያዎች፣ 15 ያህል ናቸው፣ የተወሰኑት እንቁላላቸውን የሚጥሉት ንጹሕ ውሃ በሚያልፍበት ጠጠር ላይ ነው። ጠጠሩና አሸዋው ሲዛቅ ወይም ደለል ሲለብሰው እንቁላሉ ይጠፋል። ስለዚህ በዕቅድ ውስጥ አሸዋ ከየት፣ ስንት ሜትር ኩብና በየትኛው ወር እንደሚወጣ መጻፍ አለበት። ችግሩ አሸዋውን ብዙ ጊዜ የሚያቀርበው ሦስተኛ ወገን መሆኑ ነው፤ ተቋራጩ «ገዝቼ ነው» ይላል፣ ኦዲቱም እዚያ ላይ ይቆማል። ደህና ኦዲት የገልባጩን የጭነት ደረሰኝ ተከትሎ እስከ ወንዙ ይወርዳል።

በወንዝ ድልድይ ሥራ የውሃው ድፍርስነት የሚለካው ከሥራው በላይና በታች፣ በአንድ ሰዓት ነው። ርብ በክረምት ከላይ ከደጋው አገር ራሱ ብዙ ጭቃ ይዞ ስለሚወርድ ከታች ብቻ የተለካ ቁጥር ሥራውን አይከስም፣ ነጻም አያወጣም። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ቢያንስ አንድ ክረምትና አንድ በጋ የተለካ የመነሻ መረጃም ያስፈልጋል። የመነሻ መረጃ ነገር በጤናም እንዲሁ ነው። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም የካላዛር ወረርሽኝ ሲታወቅ በሽታው አስቀድሞ ወባ ተብሎ ይታከም ነበር። ቀድሞ የነበረው ሕመም በትክክል ካልተመዘገበ የሠራተኛ ካምፕ ምን እንዳመጣና ምን እንዳላመጣ በኋላ መለየት ያዳግታል።

ጎርፍና ቱቦ

በሜዳ ላይ ከፍ ተደርጎ የሚሠራ መንገድ ሳይታሰብ ግድብ ይሆናል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው በፎገራና በሊቦ ከምከም ሰፊ ጎርፍ ደርሶ ብዙ ሰው ተፈናቅሏል። በእንዲህ ዓይነት ቦታ የውሃ ማሳለፊያ ቱቦ ቁጥርና ስፋት የአካባቢ ጉዳይ ነው፤ ቱቦው ካነሰ ውሃው በመንገዱ ምሥራቅ ይተኛል፣ ጥቂት ቱቦዎች ብቻ ካሉ ደግሞ በምዕራብ በኩል በኃይል ወጥቶ የሰው ማሳ ቦረቦር ያደርጋል። ተከታታዩ ቱቦው በደለል መደፈኑን፣ አፉ በድንጋይ መነጠፉን፣ ከአፉ እስከ ተፈጥሮ መውረጃ የሚወስድ ቦይ መኖሩን ያያል። ይህ ሲጎድል የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ ካሳ ያልተከፈለው ሰው ነው፤ መሬቱ ከመንገዱ ወሰን ውጭ ስለሆነ በካሳ መዝገብ ስሙ የለም።

የአቧራና የድምፅ ልኬት ከእነዚህ ቀላል ነው። የድንጋይ መፍጫና የአስፋልት ማምረቻ ከመኖሪያ፣ ከትምህርት ቤትና ከጤና ጣቢያ ርቀው ይተከላሉ፤ መንገዱ በቦቴ ውሃ ይረጫል፤ 8 ሰዓት ሙሉ ከ85 ዴሲቤል በላይ ለሆነ ድምፅ የሚጋለጥ ሠራተኛ የጆሮ መከላከያ ይሰጠዋል።

ሕጉና ተቆጣጣሪዎቹ

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብትን ይደነግጋል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ፈቃድ የተሰጠውን ፕሮጀክት አፈጻጸም እንዲከታተል ያዝዛል። በአዋጁ መሠረት ያለ ፈቃድ የሠራ ወይም በጥናቱ ሐሰት ያቀረበ ከ50,000 እስከ 100,000 ብር፣ መዝገብ ያልያዘ ወይም የፈቃዱን ግዴታ ያልፈጸመ ባለቤት ከ10,000 እስከ 20,000 ብር ይቀጣል። በክትትሉ ቅር የተሰኘ ማንኛውም ሰው ለመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል፤ ውሳኔውም በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት።

በመንገድ ሥራ ውስጥ ለሚንቀሳቀሰው ገንዘብ 20,000 ብር ምንም አይደለም። ተቋራጩን በእውነት የሚይዘው ውሉ ነው። ዓለም አቀፉ የፊዲክ የውል ሰነድ በ1999 እ.ኤ.አ. እትሙ፣ በንዑስ አንቀጽ 4.18፣ ተቋራጩ አካባቢን እንዲጠብቅ ያስገድዳል። ተጠሪ መሐንዲሱ ጉድጓዱ ሳይስተካከል የክፍያ ሰርተፍኬት አልፈርምም ሊል የሚችለው ግን ማስተካከያው በሥራ ዝርዝሩ ውስጥ ራሱን ችሎ፣ በራሱ ዋጋ ከተቀመጠ ነው። «በሌሎች ዋጋዎች ውስጥ ተካትቷል» ተብሎ ከተጻፈ የሚቀነስ ነገር አይኖርም።

ሌላው ጥያቄ ተቆጣጣሪው ማን ነው የሚለው ነው። በፌዴራል መንገዶች የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር፣ የቀድሞው ባለሥልጣን፣ የመንገዱ ባለቤት ነው፤ የራሱም የአካባቢ ክፍል አለው። የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤትም በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የግምገማ ሥልጣኑን ለዘርፍ ሚኒስቴሮች በውክልና ሰጥቶ ነበር፤ ባለቤቱ ራሱን ይመረምራል በሚል ብዙ የሕግና የአካባቢ ምሁራን ነቅፈውታል። በታች ደግሞ ቅሬታ ቀድሞ የሚደርሰው ወረዳው ነው። የወረዳ ባለሙያ ብዙውን ጊዜ የመለኪያ መሣሪያም ሆነ መኪና ስለሌለው ቦታውን ለማየት የሚሄደው በተቋራጩ መኪና ነው።

ከርክክብ በኋላ

መንገዱ በጊዜያዊነት ከተረከበ በኋላ ተቋራጩ ጉድለት የሚያርምበት ጊዜ ይሰጠዋል፤ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓመት ነው። የመያዣ ገንዘቡ ቀሪ የሚለቀቀውም በዚያ መጨረሻ ነው። የመጨረሻው ኦዲት ከዚህ ቀን በፊት፣ ከክረምቱም በኋላ፣ ማለትም በጥቅምት ወይም በኅዳር ቢደረግ የተተከሉት ችግኞች መጽደቃቸው፣ ጉድጓዶቹ ውሃ መያዝ አለመያዛቸው፣ ቱቦዎቹ ማሳለፋቸው በአንድ ጉብኝት ይታያል። ያም ሆኖ የሚታየው የአንድ ክረምት ዝናብ ነው፤ እንደ 1998ቱ ያለ ጎርፍ በየዓመቱ አይመጣም። ተቋራጩ ካምፑን ነቅሎ ከሄደ በኋላ ቱቦውን መጥረግ የመንገድ ጥገና ክፍሉ፣ ያልተደፈነው ጉድጓድ ደግሞ የቀበሌው ጉዳይ ሆኖ ይቀራል።