ፊደል ሳይዙ ፈተና

ወሎ፣ ሐርቡ ላይ ወደ ከሚሴ የሚሄድ መኪና እስኪሞላ አንዲት ሱቅ በር ላይ ተቀምጬ ነበር። ባለሱቋ ከመሳቢያ ወረቀት አውጥታ «ወንድምዓለም፣ እስቲ ይችን እይልኝ» አለችኝ። ከትምህርት ቤት የተላከ የወላጆች ስብሰባ ጥሪ ነው፤ ጉዳዩ የ6ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና። ተፈታኙ ልጇ አጠገቧ ስኳር ይመዝናል። ለምን እሱ እንዳላነበበላት ስጠይቃት ልጁ አቀረቀረ። «ፊደሉንስ ያውቀዋል፤ ሲገጣጠም ነው የሚጠፋበት» አለች። ይህ ቃሏ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ።

ስለ ፈተና ውጤት ስናወራ ዓይናችን 12ኛ ክፍል ላይ ነው። የ2014 ተፈታኞች ኩረጃን ለመከላከል በየዩኒቨርሲቲው ተፈትነው ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር፣ 1,161 ትምህርት ቤቶችም አንድ ተማሪ እንኳ አለማሳለፋቸው ሲታወቅ አገር ደነገጠ። በ2017 ያለፉት 8.4 በመቶ ደረሱ። የደነገጥነው ግን ከሃያ ዓመት በላይ ዘግይተን ነው። በ1992 የተጀመረው አገር አቀፍ የትምህርት ምዘና የ4ኛ ክፍል ልጆችን አማካይ ውጤት ያኔውኑ 47.9 ብሎ መዝግቦ ነበር፤ በ2000 ወደ 40.9 ወረደ። ባለአራት ምርጫ ጥያቄ ላይ ምንም ሳያነብ የሚያጠቁር ልጅም በግምት ብቻ ሩቡን እንደሚያገኝ ስናስብ፣ አርባ ማለት ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ይገባናል።

ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ በ2002 የተደረገው የንባብ ምዘና ነው። ወረቀት ለክፍሉ አይበተንም። መዛኙ ከአንድ ልጅ ጋር ይቀመጣል፣ አጭር ምንባብ ይሰጠዋል፣ ሰዓት ይይዝና በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስንት ቃል በትክክል እንዳነበበ ይቆጥራል። በተመዘኑት ክልሎች ካሉ የ2ኛ ክፍል ልጆች 34 በመቶው አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም።

ዘዴው ለወሎ እንግዳ አይደለም። የኔታ ተማሪውን አንድ በአንድ እፊታቸው አስቀምጠው ፊደሉን ወደ ጎን፣ ወደ ታች፣ ከመጨረሻው ወደ ኋላ ያስቆጥሩታል፤ በቃሉ ሸምድዶት እንደሆነ የሚታወቀው ያኔ ነው። በቁርኣን ቤትም ልጁ ሉሁን ይዞ ኡስታዙ ፊት ይቀርባል፤ ያንን ሳያሳልፍ ሌላ አይጻፍለትም። ሁለቱም ቤቶች ጉድለት ነበራቸው፤ አርጩሜውን የቀመሰ ያውቀዋል። ያልተሰማ ልጅ ግን አያሳልፉም ነበር።

አካባቢው ላይ ለብዙ ዓመታት አንደኛ ክፍል ያስተማሩ አንዲት መምህርት የነገሩኝን ላሳጥረው ብሞክር አልሆነልኝም። «ስማኝ ልጄ፤ ሰባ ልጅ አለኝ። ‹ሀ› ስል ሰባውም በአንድ ድምፅ ይጮኻሉ። ወላሂ፣ ማን እንዳነበበ፣ ማን ጓደኛውን እንደተከተለ አላውቅም።» ቀጠሉ፦ «ከላይ ወደ ታች ሳመለክት እንደ መንዙማ ያወርዱታል። አለንጋዋን ከታች ወደ ላይ ስመልሳት ዝም!» ከዚያስ? «ከዚያማ ያልፋል። የሁለተኛ ክፍሏ ‹ይዞት መምጣት ነበረበት› ትላለች፤ የሦስተኛው መጽሐፉን ለመጨረስ ይሮጣል። ስድስተኛ ክፍል ሲደርስ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ ያጠቁራል። ፈተናው እሱን አልፈተነውም፤ የፈተነው እኛን ነው።»

በእሳቸው ግን መፍረድ አልችልም። በመስከረም 2012 አንደኛ ክፍል የገባ የሐርቡ ልጅ ምን እንደገጠመው ቁጠሩ። መጋቢት ላይ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ተዘጋ፤ ፊደል ሳይጨርስ ሁለተኛ ክፍል ተባለ። ሦስተኛ ክፍል ሲገባ፣ በጥቅምት 2014፣ ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ይዞ እሱ ሰፈርም ደረሰ። «ስንመለስ አግዳሚ ወንበሩ ማገዶ ሆኖ አገኘነው» ብለውኛል መምህርቷ። አምስተኛ ክፍል ሊገባ ሲል፣ በሐምሌ 2015 መጨረሻ፣ በክልሉ አስቸኳይ ጊዜ ታወጀ፤ በቀጠለው ግጭት ከአራት ሚሊዮን በላይ የአማራ ክልል ልጆች ከትምህርት ውጭ ሆኑ። ይህ ልጅ ዕድል ቀንቶት ክፍል ሳይደግም ከዘለቀ ስድስተኛ ክፍል ላይ የደረሰው በ2017 ነው።

የየትምህርት ቤቱን የ6ኛ ክፍል ውጤት ለማየት አንድ የትምህርት ኃላፊ ዘንድ ሄድኩ። «ለውስጥ ሥራ የሚውል ነው» አሉኝ። ከሁለተኛ ክፍል ሳያነብ የወጣው ስንት እንደሆነ ስጠይቃቸው «ደብዳቤ ይዘህ ና» አሉ። ደብዳቤው ገባ፤ መልስ አልመጣም። የማን ውስጥ ሥራ ነው? ልጁ የባለሱቋ ልጅ ነው።

ማንበብ ያቃተው ልጅ የት እንደሚሄድ በቃሉ ወረዳ ለሚኖር ሰው መንገር አያስፈልግም፤ በባቲ አድርጎ ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያ ወደ ሳውዲ የሚወስደውን መንገድ ሁሉም ያውቀዋል።

ትምህርት ቢሮው የስድስተኛ ክፍሉን ፈተና አይተወው፤ ነገር ግን የ2ኛ ክፍል ልጅ ሁሉ በዓመቱ መጨረሻ ለብቻው ተቀምጦ አንድ ገጽ ያንብብ፣ ያላነበበው ክረምቱን ይረዳ፣ የየትምህርት ቤቱም ውጤት በየቀበሌው ይለጠፍ። የ2ኛ ክፍል ልጅ ያላችሁ ወላጆች ደግሞ ያንን አትጠብቁ። ዛሬ ማታ ካልተማረው ገጽ አንዱን ክፈቱለትና ያንብብላችሁ፤ እናንተ ካላነበባችሁ ጎረቤት ጥሩ። ካቃተው ነገ ጠዋት መምህሩ ዘንድ ሂዱ።