ልጆች በፍርድ ቤት ደጃፍ የሚሰሟቸው ቃላት

የትዳር ክርክር ፍርድ ቤት ሲደርስ ቤት ውስጥ አዳዲስ ቃላት ይገባሉ፦ ቀጠሮ፣ ተከሳሽ፣ ቀለብ፣ ሞግዚት፣ ይግባኝ። ትልልቆቹ በስልክ ሲነጋገሩ፣ ጎረቤት ቡና ላይ ሲያወጋ፣ ዘመድ ሊያስታርቅ ሲመጣ ልጆች አጠገብ አሉ፤ ይሰማሉ። የሚያስረዳቸው ሲያጡ ለራሳቸው ይተረጉሙታል፤ የሚተረጉሙትም በሚያውቁት ነው። ፍርድ ቤት ሌባ የሚቀርብበት ቦታ መሆኑን ብቻ የሚያውቅ የሰባት ዓመት ልጅ «አባትህ ተከሷል» የሚለውን ሲሰማ ሌሊቱን እንዴት እንደሚያድር መገመት አያስቸግርም። «ልጅ ምን ያውቃል» ብለን የምናልፈው ዝምታ ልጁን ከፍርሃት አያድነውም።

ስለዚህ ከችሎቱ እንጀምር። የቤተሰብ ችሎት ፍቺን፣ የልጅ አስተዳደግን፣ ቀለብን፣ ጉዲፈቻንና የመሳሰሉትን የሚያይ የፍርድ ቤት ክፍል ነው። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራበት ሕግ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው፤ እንደ አማራና ኦሮሚያ ያሉ ክልሎች የራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው። ለልጅ ሲነገር ግን የአዋጅ ቁጥር አያስፈልግም። «እዚያ ያለችው ዳኛ ማንንም ለመቅጣት አልተቀመጠችም። እማዬና አባዬ ያልተስማሙበትን ነገር ሰምታ ትወስናለች» ማለት ይበቃል። «ተከሳሽ» የሚለውም እዚህ ጥያቄ የቀረበበትና መልስ የሚሰጥ ሰው ማለት እንጂ ጥፋተኛ ማለት አለመሆኑን ቢሰማ ትልቅ ሸክም ይቀልለታል።

ልጆችን በጣም ከሚያደናግሩት አንዱ «ሞግዚት» ነው። የከተማ ልጅ ሞግዚት የሚላት እናትና አባት ሥራ ሲውሉ የምትጠብቀውን ሴት ነው። «ፍርድ ቤቱ ሞግዚት ይሾምልሃል» ሲባል የማያውቃት ሴት ልትመጣ ይመስለዋል። ሕጉ ግን 18 ዓመት ላልሞላው ልጅ ሁለት ኃላፊነቶችን ለይቶ አስቀምጧል፦ አሳዳሪ የልጁን አካል፣ ጤናና አስተዳደግ ይጠብቃል፤ ሞግዚት ደግሞ የልጁን ገንዘብና ንብረት ያስተዳድራል፣ በገንዘብ ጉዳይም ስለ እሱ ይቆማል። ትዳር ውስጥ ሳሉ ሁለቱንም ኃላፊነት እናትና አባት በጋራ ይዘውታል። ለልጁ «ይህን ሥራ እስካሁን ሁለታችንም ስንሠራው ነበር፤ አሁን ማን እንዴት እንደሚሠራው ዳኛዋ ትወስናለች» ብንለው ይገባዋል።

ቀለብም እንዲሁ ነው። ስሙ ምግብን ብቻ ያስታውሳል፤ በሕጉ ግን ምግብ፣ መጠለያ፣ ልብስ፣ ሕክምናና ትምህርት ሁሉ በውስጡ አሉ። መጠኑ የሚወሰነው የልጁን ፍላጎትና የሰጪውን አቅም በማየት ነው፤ ሁኔታው ሲለወጥ ተመልሶ ይታያል። ልጁ ማወቅ ያለበት ዋናው ነገር ቀለብ የእሱ መብት መሆኑን ነው። የእናቱ ትርፍ ወይም የአባቱ ውለታ አይደለም። «አባትህ እኮ የሚከፍለው» እየተባለ የሚያድግ ልጅ የሚበላው እንጀራ ዕዳ ይሆንበታል፤ ይህ በደል ነው።

የዳኛዋ መመዘኛ ምንድን ነው? በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናትን የሚመለከት ማንኛውም እርምጃ ሲወሰድ የሕፃናት ደኅንነት በቀደምትነት እንዲታሰብ ያዛል። ይህ ከወረቀት ያለፈ ነገር መሆኑን የሚያሳይ አንድ ፍርድ አለ። አንድን ልጅ ለብዙ ዓመታት ያሳደገችው አክስቱ ነበረች፤ እናቱ ሞታለች። ኋላ አባት መጥቶ «ልጄን» አለ። ከወላጆች አንዱ ሲሞት ኃላፊነቱ ለቀረው ይሆናል የሚለው ደንብ ለአባት የሚያደላ ነበር። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ግን በ2000 ዓ.ም.፣ በመዝገብ ቁጥር 23632፣ የልጁ ጥቅም ይቀድማል ብሎ ልጁ ከአክስቱ ጋር እንዲቆይ ወሰነ። የሰበር ችሎት የሕግ ትርጉም የሥር ፍርድ ቤቶችን ስለሚያስገድድ፣ የዚያ ልጅ ጉዳይ ለሌሎች ብዙ ልጆች ተርፏል።

ከሁሉ የሚከብደው ዳኛዋ ልጁን የምትጠይቅበት ቀን ነው። «ከማን ጋር መሆን ትፈልጋለህ?» የሚለው ጥያቄ በልጅ ጆሮ «ማንን ትወዳለህ፣ ማንንስ ትተዋለህ?» ሆኖ ይሰማል። ስለዚህ አስቀድሞ እንዲህ ሊባል ይገባል፦ «ሐሳብህን ትጠየቃለህ፤ የምትወስነው ግን አንተ አይደለህም። አላውቅም ማለትም ትችላለህ። የሆነው ሁሉ በአንተ ጥፋት አይደለም።» ፍርድ ቤቱ የልጁን ዕድሜና ጥቅም፣ የወላጆቹን ገቢ፣ ጤናና አኗኗር አብሮ ይመዝናል። የልጁ ቃል ከብዙው አንዱ ነው። ለሕፃናት ምቹ ተብለው በተደራጁ ችሎቶች ልጁ አሻንጉሊት ባለበት ሌላ ክፍል ከማኅበራዊ ባለሙያ ጋር ተቀምጦ ይናገራል፤ ዳኛው በካሜራ ይከታተለዋል። ልጁ ካሜራው መኖሩን ሳያውቅ መግባት የለበትም።

ጉዲፈቻን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ጉዲፈቻ የሚጸናው በፍርድ ቤት ሲጸድቅ ነው፤ ልጁም ለተቀበለው ሰው እንደ አብራክ ልጁ ይቆጠራል። ሆኖም ከትውልድ ቤተሰቡ ጋር ያለው ዝምድና አይቋረጥም። የውጭ አገር ጉዲፈቻ ደግሞ ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ተከልክሏል፤ «ወደ ውጭ ይልኩሻል» ብሎ ልጅን ማስፈራራት ከጭካኔው በላይ ሐሰት ነው።

ቀጠሮ ያላችሁ ወላጆች፣ አያቶችና አሳዳጊዎች ሆይ፦ ልጁ የሚሄድበትን ቀን፣ ማን አብሮት እንደሚሆንና በዚያ ምሽት የት እንደሚያድር ንገሩት። የሚናገረውን ግን አታስጠኑት። በወላጆቹ ፊት መናገር ከከበደው ለብቻው እንዲሰማ ዳኛውን መጠየቅ ትችላላችሁ፤ ጠይቁ።