የደም ተሕዋስያንን የሚገልጡ ቀለሞች

በወሎ ያለችው ሐይቅ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ወባ በአገራችን በብዛት የሚዛመተው ከ2,000 ሜትር በታች ስለሆነ ከተማዋ ከድንበሩ ብዙም አትርቅም። ድንበሩም ቢሆን የሚጸና አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1958 የተነሣው ወረርሽኝ እስከ 2,150 ሜትር ወጥቶ 150,000 ያህል ሰው እንደ ጨረሰ ይገመታል። በዚያ ላይ ከወሎ ለአጨዳ ወደ መተማና ሁመራ ወርዶ ትኩሳት ይዞ የሚመለሰው ወጣት አለ። ትኩሳቱ የወባ መሆን አለመሆኑን የሚለየው ደግሞ ቀለም የተቀባ ደም ነው።

ፈረንሳዊው ሐኪም ላቬራን እ.ኤ.አ. በ1880 አልጄሪያ ውስጥ የወባን ተሕዋስ ያየው ያለ ቀለም ነበር። ለሌላው ዓይን እንዲታይ ያስቻለው ግን ቀለም ነው። ሩሲያዊው ሮማኖቭስኪ በ1891 ኢዮሲንና ሜቲሊን ብሉ ሲቀላቀሉ የተሕዋሱ አስኳል እንደሚቀላ፣ ገላው ሰማያዊ እንደሚሆን አሳየ። ኬሚስቱ ጂምሳ በ1904 ሃምቡርግ ላይ ቀለሙን በሜታኖልና በግሊሰሪን አሟሙቶ እንዳይበላሽ አደረገው። ዛሬም በየጤና ጣቢያው የሚሠራበት እሱ ነው።

በአንድ ስላይድ ላይ ሁለት የደም ቅብ ይሠራል። ስሱ በሜታኖል ይጸናል፤ የተሕዋሱን ዓይነት ለመለየት ይጠቅማል። ወፍራሙን ግን ሜታኖል ጨርሶ ሊነካው አይገባም፤ ቀይ ሕዋሶቹ በቀለሙ ውሃ ፈርሰው ተሕዋሱ ብቻውን መቅረት አለበትና። ከዚያ በ10 በመቶ ጂምሳ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ማቆየት ነው። የተበጠበጠ ቀለም ለማግስቱ አያድርም። ዋናው ጠርሙስ ውስጥ ጠብታ ውሃ ከገባ ደግሞ ቀለሙ ይበላሻል።

በእኔ አስተያየት ብዙ ስላይድ የሚበላሸው በውሃው ነው። መበጥበጫው ፒኤች 7.2 መሆን አለበት። አሲድ ሲያይል ሁሉም ነገር ይቀላና የተሕዋሱ ሰማያዊ ይደበዝዛል፤ ቫይቫክስ የተባለውን የወባ ዓይነት የሚለዩት ነጠብጣቦችም ይጠፋሉ። አልካሊ ሲያይል ሁሉም ሰማያዊ ይሆናል። የሐይቅ እስጢፋኖስ ሐይቅ ውሃ ወደ አልካሊ ያደላልና ከዚያ ቀድቶ መበጥበጥ አይሆንም፤ በፎስፌት ጨው የተመጠነ ውሃ ያስፈልጋል።

ያው ቀለም በቅማል የሚተላለፈውን የግርሻ ትኩሳት ጠመዝማዛ ባክቴሪያም ያሳያል፤ ከጣፊያ ወይም ከመቅኒ በተቀዳ ናሙና ላይ ደግሞ የካላዛርን ተሕዋስ። ቢልሃርዚያን ግን አያሳይም። ሐይቅ ከተማ አዲስ የቢልሃርዚያ መገኛ መሆኗ እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሟል፤ ትሉ የሚኖረው ደም ሥር ውስጥ ቢሆንም እንቁላሉ የሚፈለገው በሰገራ ነው።

ፈጣን የወባ መመርመሪያው ስላለ ማይክሮስኮፕ ምን ያደርጋል የሚል አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመና አማራን፣ ትግራይንና ጋምቤላን የዳሰሰ ጥናት፣ መመርመሪያው የሚፈልገውን ፕሮቲን የማያመርቱ ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ዓይነት ተሕዋስያን እንዳሉ አረጋግጧል። እነዚህ ከመመርመሪያው ያመልጣሉ፣ ከጂምሳ ግን አያመልጡም፤ አንባቢው «የለም» ከማለቱ በፊት በወፍራሙ ቅብ ላይ በዘይት ሌንስ ቢያንስ 100 እይታ ከቃኘ።